ድንጋይ እየደገፍኩ ማቆም ሰለቸኝ፤ የኋላ አክስል ላይ የእጅ ፍሬን አገጣጠም

መኪናዬ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ናት። ከኋላ ባሌስትራ፣ 33 ኢንች ጎማ፣ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የኋላውን ታምቡር አውጥቶ ዲስክ ገጥሞባታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ታምቡር ጭቃና አሸዋ ውስጡ ይዞ ይቀራል፤ ዲስክ ግን ወንዝ ተሻግራችሁ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስትረግጡ ይደርቃል። የተረሳው የእጅ ፍሬኑ ነው። የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው ታምቡሩ ውስጥ ባሉት ሸራዎች ስለነበር፣ ታምቡሩ ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ጋቢና ውስጥ ያለው እጀታ ሲሳብ ቀር ቀር ይላል እንጂ ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ነገር የለም።

አንድ ዓመት ያህል ድንጋይ እየደገፍኩ ኖርኩ። አንድ ቀን ታዲያ ድንጋያማ ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ላይ ነው፣ ቀኝ እግሬ ፍሬን ላይ። ሞተሩን አስነስቼ ለመንቀሳቀስ ነዳጅ መስጠት አለብኝ፤ ለነዳጁ የሚሆን ሦስተኛ እግር ግን የለኝም። ፍሬኑን ለቅቄ ነዳጅ እስክረግጥ ድረስ መኪናዋ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ጎማ አጠገብ ድንጋይ ይዞ ቆሞ ነበር። ዘሎ ወጣ፣ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማንም ሰው ለእኔ መኪና ድንጋይ ይዞ እንዲቆም አልፈቀድኩም። ቤት እንደገባን የእጅ ፍሬን ሥራውን ጀመርን።

እዚህ የምጽፈው ያንን ሥራ እንዴት እንደሠራነው ነው። የኋላ ዲስክ ያለው፣ የእጅ ፍሬን የሌለው፣ አስቸጋሪ መንገድ የሚሄድ ማንኛውም መኪና ላይ ሐሳቡ ያው ነው። የቡሎን ቦታና መጠን ግን ከአክስል አክስል ይለያያል፤ የራሳችሁን ለኩ።

መጀመሪያ፣ «ማርሽ ውስጥ ከትቶ ማቆም አይበቃም ወይ?» ለምትሉ። አይበቃም። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና የሚቆመው ሞተሩ ለመዞር እምቢ ስላለ ነው። ቁልቁለቱ ከበረታ ሞተሩ ቀስ እያለ ይዞራል፣ መኪናውም ቀስ እያለ ይሄዳል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ያለው ፓርክ ጠንከር ይላል፤ ግን ሁለቱም ጎማውን የሚይዙት በትራንስፈሩ (ከካምቢዮው የመጣውን ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ አክስል በሚያከፋፍለው ሳጥን) በኩል ነው። የትራንስፈሩ ማርሽ ኒውትራል ላይ ከሆነ፣ ወይም ወደ ሪዶታ (ወደ ዝቅተኛው የጉልበት ማርሽ) ሲቀየር በደንብ ሳይገባ ከቀረ፣ ካምቢዮው ፓርክ ላይ ቢሆንም ጎማዎቹ ነፃ ናቸው። መኪናው ዝም ብሎ ይሄዳል። የእጅ ፍሬን ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ብቻውን መያዝ አለበት።

የፍሬን ዘይቱን በቫልቭ ቆልፎ ግፊቱን መስመሩ ውስጥ የሚያስቀር ዘዴም አለ። ሞተር አስነስቶ እስኪነሱ ድረስ ለደቂቃ ያህል ይረዳል። ለማቆሚያ ግን አትጠቀሙበት። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንሳል፤ አንድ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ትንሽ ካፈሰሰም ግፊቱ ይወርዳል። ማታ የያዘው ጠዋት ላይ ላይዝ ይችላል። የማቆሚያ ፍሬን በብረትና በካቦ ነው መያዝ ያለበት።

ሌላው መንገድ ካርዳኑ (ከትራንስፈሩ ወደ አክስሉ ኃይል የሚወስደው ዘንግ) ላይ ፍሬን ማድረግ ነው። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ታምቡሩ ከትራንስፈሩ ኋላ ተቀምጧል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ኃይሉን ስለሚያባዛው ትንሽ ፍሬን ብዙ ይይዛል። አሠራሩም ይቀላል፤ አንድ ዲስክ፣ አንድ ካሊፐር (ዲስኩን በሸራ የሚጨምቀው ክፍል)፣ አንድ አጭር ካቦ። እኔ ግን ተውኩት። ምክንያቱም አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሱ፣ ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ በቀር፣ የተነሳው ጎማ በነፃ ይዞራል፤ መሬት ላይ ያለውም በተቃራኒው ይዞራል። ካርዳኑ ተይዞ እያለ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። እኔ ጎማ የምቀይረው ብዙ ጊዜ ዳገት ላይ ነው። ክሮቼራ (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ወይም ሰሚያስ (ከዲፈረንሻሉ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ቢሰበርም ያ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየጎማው ላይ የሚይዝ ፍሬን መረጥኩ። ካለው ዲስክ ላይ፣ ከዋናው ካሊፐር ጎን፣ በካቦ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ካሊፐር መግጠም።

ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ይህን ሂሳብ ሳልሠራ ብጀምር ኖሮ የማይረባ ካሊፐር ገዝቼ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የፍሬን ደንብ ቁጥር 13፣ የጭነት መኪና ሙሉ ጭነቱን ይዞ 18 በመቶ ዳገት ላይ በማቆሚያ ፍሬን ብቻ መቆም አለበት ይላል። እጀታው ላይ የሚያስፈልገው ኃይልም ከ600 ኒውተን፣ ማለትም ከ61 ኪሎ ገደማ መብለጥ የለበትም። እኔ 20 በመቶ ብዬ አሰላሁ። 20 በመቶ ማለት 1 ሜትር ወደፊት ሲኬድ 20 ሳንቲ ሜትር መውጣት ነው።

መኪናዬ ዕቃ ይዛ 2,500 ኪሎ ትመዝናለች። 20 በመቶ ዳገት ላይ ወደታች የሚጎትታት ኃይል 490 ኪሎ ያህል ነው። ለሁለት ጎማ ሲካፈል በየጎማው 245 ኪሎ። ይህ ኃይል ያለው ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ፣ ከመሃሉ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ሸራው ዲስኩን የሚይዘው ግን ከመሃሉ 13 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ 750 ኪሎ ያህል ይሆናል። የሸራውን የመያዝ አቅም 0.35 ብንለው፣ ሁለት ፊት ስላለው 0.7 ነው። 750 ለ0.7 ሲካፈል ከ1,070 ኪሎ ይበልጣል። እያንዳንዱ ትንሽ ካሊፐር ዲስኩን ከአንድ ቶን በላይ በሆነ ኃይል መጭመቅ አለበት!

ጎማ ስታሳድጉ ይህ ቁጥር አብሮ ያድጋል። 40 ሳንቲ ሜትሩ 44 ቢሆን፣ መጭመቂያው ወደ 1,180 ኪሎ ይጠጋል። ትልቅ ጎማ ያደረገ ሰው «ፍሬኔ ድሮ ይይዝ ነበር፣ አሁን ምን ሆነ?» ሲል መልሱ አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ከእጄ ተነሱ። እጀታውን በ30 ኪሎ ኃይል እስበዋለሁ እንበል። እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ካቦው የተያዘው ከመዞሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሰባት ተኩል ጊዜ ተባዝቶ 225 ኪሎ ይሆናል። ለሁለት ካቦ ሲካፈል 112። በካቦው መታጠፊያዎች አንድ አምስተኛው ቢባክን 90 ኪሎ ይደርሳል። ከ90 ወደ 1,070 ለመሄድ ካሊፐሩ በራሱ ክንድ 12 ጊዜ ማባዛት አለበት። ለግሬደርና ለግንባታ ማሽን የሚሠሩት ሜካኒካል ካሊፐሮች ይህን ይችላሉ። ለትንንሽ ሞተር ሳይክል የተሠሩት አይችሉም። ስትገዙ የመጭመቂያ ኃይሉን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ጋ ሂዱ።

ይህ ሁሉ ማባዛት ደግሞ ዋጋ አለው። ከዲስኩ በግራና በቀኝ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ በአጠቃላይ 0.8 ነው። በ12 ሲባዛ ካቦው ጫፍ ላይ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በሰባት ተኩል ሲባዛ እጄ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት እጀታውን 7 ሳንቲ ሜትር ያስኬደዋል! ስለዚህ ከእጀታ እስከ ዲስክ ባለው መንገድ ላይ አንድም ነገር መተጣጠፍ፣ መላላት፣ መለጠጥ የለበትም። የዚህ ሥራ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ጉልበቱና ርቀቱ መንገድ ላይ እንዳይባክን ነው።

መያዣው ብረት

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉባቸው። አክስሉን በክሪክ አንሱና ጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አስቀምጡት። ክሪክ ለማንሻ ብቻ ነው፤ ክሪክ ላይ ከተንጠለጠለ መኪና ስር አትግቡ። ጎማዎቹን አውጡ።

ትንሹ ካሊፐር የት ይቀመጥ? ዋናው ካሊፐር የኔ መኪና ላይ ከአክስሉ ኋላ ነው። ትንሹን ከፊት በኩል፣ ከአክስሉ መሃል መስመር ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ታች ካደረጋችሁት ድንጋይ ይመታዋል። በጣም ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ የካቦው መታጠፊያ ይጠባል።

የመያዣውን ቅርጽ መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን ሥሩ። ካርቶኑን የዲስኩ ማቀፊያ በታሰረበት ፍላንጃ (አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት) ላይ አስጠግታችሁ የቡሎን ቀዳዳዎቹን በእርሳስ አውጡ። ካሊፐሩን ዲስኩ ላይ አድርጉና በክር እሰሩት። የሸራው ፊት ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ መቀመጥ አለበት። በጠርዙ በኩል 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢወጣ፣ የወጣው ክፍል ሳይበላ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ የዲስኩን ጠርዝ ይይዘዋል። ከዚያ ቸርኬውን አስገብታችሁ በእጅ አዙሩ። በቸርኬውና በካሊፐሩ መካከል ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይኑር። የባላንስ እርሳስ ከውስጥ የተለጠፈበት ቸርኬ ከሆነ እሱንም ቁጠሩ። እኛ ይህን አራት ጊዜ ደጋገምነው። ካርቶን ርካሽ ነው፤ ብረት ከተቆረጠ በኋላ ግን አይመለስም።

ብረቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። 750 ኪሎ መያዣውን ከዲስኩ ጋር ይዞ ሊዞር እንደሚታገል አስቡ። ዳገት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ሌላው። ከፍላንጃው ርቆ የሚወጣ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ በይዱበት። የተበየደውን ቦታ በመዶሻ ሞክሩት፣ ስንጥቅ ካለ ፈትሹ።

አክስሉ ራሱ ላይ ግን ባትበይዱ እመርጣለሁ። ፍላንጃው ላይ ያሉትን ቡሎኖች በረዘሙ ቀይራችሁ መያዣውን አብራችሁ እሰሩ። የብየዳው ሙቀት ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማሸጊያውን) ያቃጥላል፣ የአክስሉን ቱቦም ሊያጣምም ይችላል። የግድ ከሆነባችሁ ሰሚያሱን አውጡ፣ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ የብየዳውን ማሳ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ገመድ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ። ማሳው ሩቅ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ቡሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የጥንካሬ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን። ኤም 12 ባለ 8.8 ቡሎን በ80 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ረጅሙ ቡሎን ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር እንዳይነካ አረጋግጡ፤ ዲስኩን በእጅ አዙሩና ጆሯችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ። አንዳንድ አክስል ላይ ሰሚያሱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ትንሽ ይጫወታል። ዲስኩን ይዛችሁ ጎተት ገፋ በማድረግ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ከሆነ ካሊፐሩ በፒን ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት የሚችል መሆን አለበት። ድርቅ ብሎ የታሰረ ካሊፐር ከሆነ ዲስኩ ሁልጊዜ አንዱን ሸራ ይፍቃል።

ካቦው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር።

አክስሉ ከሻንሲው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። ጉድጓድ ሲገባ ይወርዳል፣ ድንጋይ ሲወጣ ይነሳል። ባዶውን ሽቦ ከሻንሲ ወደ አክስል ብትዘረጉት፣ አክስሉ ሲወርድ ሽቦው ይወጠርና ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ሲነሳ ደግሞ ይላላና ይለቃል። ስለዚህ ከሻንሲ እስከ አክስል ያለው መንገድ ልባስ ባለው ካቦ መሆን አለበት። የልባሱ አንድ ጫፍ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው ጫፍ ካሊፐሩ አጠገብ መያዣው ላይ ድርቅ ብሎ ይታሰር። እንዲህ ሲሆን አክስሉ የትም ቢሄድ፣ ውስጥ ያለው ሽቦና ውጭ ያለው ልባስ አብረው ስለሚታጠፉ የሽቦው ውጥረት አይለወጥም ማለት ይቻላል። የሚያስፈልገው ልባሱ ለአክስሉ ጉዞ የሚበቃ ርዝመት እንዲኖረው ብቻ ነው።

ርዝመቱን የምትለኩት አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ነው። እኛ ሻንሲውን አንስተን አክስሉ እስኪወርድ ጠበቅን፤ ከዚያ በገመድ ለካን። በዚያ ሁኔታ ላይም ካቦው መወጠር የለበትም፤ ለስላሳ ቅስት ይዞ ይቅር። አንዱን ጎማ ብቻ አንስታችሁም ለኩ። አክስሉ ሲጣመም ብዙ ካቦ የሚፈልገው የወረደው ጎን ነው።

የመታጠፊያው ክብ ከመሃሉ 15 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። ካቦ በታጠፈ ቁጥር ሽቦው ልባሱን ይፍቃል፤ የምትስቡት ኃይል እዚያ ይቀራል። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ የልባሱ ውስጥ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። ከካርዳኑና ከጎማውም ይራቅ። በፕላስቲክ ማሰሪያ አታንጠልጥሉት፤ ጎማ በተለበጠ የብረት ማቀፊያ እሰሩት። በተቻለ መጠን መሃሉ ላይ ወደታች የሚወርድ ሆድ አይኑረው። ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሽቦው ይዝጋል። ብርድ ባለበት ደግሞ ውሃው በረዶ ይሆንና የተሳበው ፍሬን አለቅም ይላል።

ከእጀታው የሚመጣው አንድ ካቦ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ማመጣጠኛ ያስፈልጋል። አጭር ብረት ናት። መሃሏ በእጀታው ካቦ ይሳባል፣ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካሊፐር ይሄዳሉ። መሃሏ ላይ ነፃ ሆና መዘንበል መቻል አለባት። ካልተንቀሳቀሰች አንዱ ጎማ ሁሉንም ይሸከማል፣ ሌላው ምንም አይሠራም።

አሁን ስለ ልባሱ መያዣ። መጀመሪያ የሠራሁት ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነበር። ትንሽ ነገር ናት፣ ምን ይመጣባታል ብዬ። ሁሉንም ገጥመን እጀታውን ስስበው እስከ ላይ ድረስ ይመጣል፤ ዲስኩ ግን በእጅ ይዞራል። ካቦውን አጠበቅኩ። ያው ነው። ደግሜ አጠበቅኩ። ያው ነው። ወንድሜ መብራት ይዞ ስር ተጋደመና «ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ሳብ» አለኝ። ሳብኩ። «ልቀቅ። ሳብ። ልቀቅ።» ከዚያ ዝም አለ። «ጋሼ፣ የሚሄደው ክንዱ አይደለም። ብረቷ ናት እየተጠማዘዘች ያለችው።» ወርጄ አየሁት፤ እሱ ይስባል፣ እኔ አያለሁ። ላሜራዋ እንደ ቅጠል ወደ ክንዱ ትጎነበሳለች፣ ሲለቅ ትመለሳለች። 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ግን 2 ሚሊ ሜትር በእጀታው ላይ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለቱም ጎን ያው ነገር ነበር። ከ8 ሚሊ ሜትር ብረት እንደገና ሠራናትና ከዋናው መያዣ ጋር በየድናት። በዚያው ምሽት ዲስኩ በእጅ ቀርቶ በረጅም ብረትም አልዞር አለ።

ሬጅስትሮ (ማስተካከል)

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ካሊፐሩ፣ ቀጥሎ ካቦው። የተገላቢጦሽ ከሠራችሁት ይበላሻል።

እጀታውን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። የካቦውን ጫፍ ከክንዱ ላይ አውጡ። በካሊፐሩ ላይ ባለው ማስተካከያ ሸራዎቹን ዲስኩ እስኪነኩ አጥብቁ፤ ከዚያ በየጎኑ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀር መልሱ። ዲስኩ በነፃ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሽው የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዲስኩ ትንሽ ተጣሟል፤ ያንን ቦታ መነሻ አድርጋችሁ ለኩ።

አሁን ካቦውን አስገቡ። ካቦው ጫፍ ባለው ሹካ ላይ ፒኑን አስገብታችሁ ኮፒሊያ (ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዝ ሽቦ) አድርጉበት። እጀታው ሲለቀቅ ካቦው ላይ ትንሽ ላላ ያለ ነገር ይኑር፤ ክንዱ እስከ መጨረሻው መመለስ አለበት። ከዚያ ዳዶውን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ፤ እጀታው ከአምስት እስከ ስምንት ጥርስ (ሲሳብ ቀር የሚለው) ባለው መካከል ዲስኩን እንዲይዝ አድርጉ። ኮንትራ ዳዶውን (ዋናውን ዳዶ እንዳይላላ የሚቆልፈውን) አትርሱ።

ፍሬኑ በያዘበት ሰዓት ክንዱና ካቦው የሚሠሩትን ማዕዘን እዩ። 90 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ካቦው ክንዱን ከጎን በሰያፍ የሚስበው ከሆነ ከጉልበቱ ብዙው ይባክናል። ማመጣጠኛዋንም እዩ፤ በጣም ካዘነበለች የአንዱ ጎን ክፍተት ሰፍቷል ማለት ነው። ወደ ካሊፐሩ ተመለሱ እንጂ በካቦው አታስተካክሉት። ሸራ ሲያልቅም እንዲሁ ነው። ሰው ዳዶ ማጥበቅ ስለሚቀለው ካቦውን እየሳበ ይሄዳል፣ ክንዱ ሳይመለስ ይቀራል፣ በመጨረሻ ጉዞው ያልቅና ፍሬኑ መያዝ ያቆማል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የእጅ ፍሬን መብራት እንዲሠራ አድርጉ። ገመዱ ብዙ ጊዜ እዚያው እጀታው ስር አለ። ፍሬን ተስቦ ኪሎ ሜትሮች መንዳት አዲሱን ሸራ ያቃጥለዋል።

ሙከራ

አዲስ ሸራ ወዲያው በደንብ አይይዝም፤ ፊቱ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ሰውም መኪናም የሌለበት ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ፣ የእጀታውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭናችሁ እንደያዛችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ በለስላሳው ሳቡና ልቀቁ። በመሃል ቀዝቀዝ እያደረጋችሁ ስምንት አስር ጊዜ ድገሙት። በድንገት አትሳቡ፤ የኋላ ጎማ ይቆለፋል።

ከዚያ ዳገቱ። 1 ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ጣውላውን ቀጥ አድርጋችሁ የጫፉን ከፍታ ከመሬት ለኩ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 በመቶ ነው። ታኮዎቹን ከጎማው አንድ ጫማ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ አስቀምጡ፣ ቢንሸራተት እንዲይዙት። ከመኪናው በታችኛው በኩል ማንም አይቁም። አንድ ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ ከፍሬኑ በላይ ይሁን። ማርሹን ኒውትራል አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ የእግር ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጎማው ላይ በጠመኔ መስመር ብታደርጉ ትንሿን እንቅስቃሴ ታያላችሁ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ መኪናውን አዙራችሁ ቁልቁል አቁሙና ድገሙ። ወደ ላይ ይዞ ወደታች የማይዝ ከሆነ መያዣው በአንድ አቅጣጫ እየተጣመመ ነው።

የመጨረሻው ሙከራ አክስሉን ማጣመም ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አውጡ፤ ፍሬኑ ሳይሳብ ሌላው ጎን ላይ ካቦው ተወጥሯል ወይ? ፍሬኑን ስትስቡስ የጥርሱ ቁጥር ሜዳ ላይ ካለው ተለወጠ ወይ? የኔ በአንድ ጥርስ ብቻ ነው የሚለያየው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ልባሱ አጥሯል።

ስትጠቀሙበት የምታስታውሱት አንድ ነገር አለ። ረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ ስታቆሙ ዲስኩ እሳት ነው። ብረት ሲሞቅ ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝ ይሳሳል። በጋለ ዲስክ ላይ የተሳበ ፍሬን ዲስኩ ሲበርድ ይላላል። ስለዚህ ከመኪናው ከመራቃችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆዩና አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ጨምሩ። ታኮም አድርጉ። እኔ አሁንም ታኮ እይዛለሁ፤ የማስቀምጠው ግን መኪናው ቆሞ እያለ ነው፣ ማንም ሰው እየተንሸራተተ ባለ ጎማ ስር እጁን አይከትም።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ጉዞ በኋላም፣ ቡሎኖቹን እንደገና በልካቸው ፈትሹ። በቀለም መስመር ብታደርጉባቸው መላላታቸው በዓይን ይታያል። ጭቃ ውስጥ ከዋለች ካሊፐሩን በውሃ እጠቡት፤ የሚንሸራተትበትን ፒን ሙቀት በሚችል ግራሶ ቀቡት። ግራሶው ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት አይድንም፣ ይቀየራል። የፍሬን ለውጥ ቴክኒክ ምርመራ የሚጠየቅበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አስመርምሩት፤ የመያዣውን ውፍረትና የቡሎኑን ዓይነት የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

የኔ መኪና የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ላይ የግራው መያዣ አንድ ቡሎን ሩብ ዙር ላልቶ ተገኘ። ቀለም ስቀባ ፍላንጃውን በደንብ ስላላጸዳሁት፣ በብረቱና በፍላንጃው መካከል የቀረው አሮጌ ቀለም ተሰባብሮ ነው። ሁለቱንም ፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ድረስ አጽድቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።